የሩጫው ሰዓት ከማን ሂሳብ ወጣ?

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጠዋት ሯጮች ቡድን ስም፣ በቡድኑ ሂሳብ ያዥ የቀረበ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው «ስለ ጠዋቱ ሩጫችሁ ትንሽ ንገሩን» ሲለን እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ወደዚህ መድረክ የምንወጣው ብዙ ጊዜ የቁጠባና ብድር ሂሳብ ይዘን ነው። እኛን ሯጭ ብሎ ለመጥራት ደግሞ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። 12 ሴቶች ነን። ታናሻችን 29 ዓመቷ ነው፣ ታላቃችን 54 ዓመታቸው ነው። ከመካከላችን በትምህርት ቤት ዘመኗ ለሩጫ የተመረጠች አንዲት እንኳ የለችም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ኳስ ይዘው ሲወጡ፣ እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን ፀጉር ስንሠራራ ነው ያደግነው። ሩጫ የጀመርነው ከወለድን፣ ወገባችን ከሰፋ፣ ደረጃ ስንወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመን ስልክ የምናይ መምሰል ከጀመርን በኋላ ነው።

ደጋፊዎቻችን ትንሽ ታገሱን፤ ወደ መጨረሻው የምንጠይቃችሁ ነገር አለ።

አገራችን የሯጮች አገር ናት ይባላል፤ እውነት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። ከዚያ በኋላ የመጡትን እንቁጠር ካልን ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ነገር ግን የእነሱን ሩጫ ያየነው በቴሌቪዥን ነው። እልል ብለናል፣ አልቅሰናል። በሰፈራችን አስፋልት ላይ የ40 ዓመት ሴት ስትሮጥ ብናይ ግን የምንለው «ምን ደረሰባት? ማን ሞተ?» ነው። አዋቂ ሴት የምትሮጠው ልጅ ሲታመም ወይም ቤት ሲቃጠል ነው ብለን ነው ያደግነው።

ስለ ደራርቱ ከወርቁ ያነሰ የሚወራ ነገር አለ። ከባርሴሎና በኋላ ልጅ ወልዳለች። ከወለደች በኋላ ተመልሳ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ሁለተኛ ወርቅ አገኘች። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ይህን የምናነሳው እንመስላታለን ብለን አይደለም። ጉዳፍ ፀጋይ በመስከረም 2016 ዓ.ም. 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ0.21 ሰከንድ ስትጨርስ፣ እኛ በዚያው 14 ደቂቃ ውስጥ የርቀቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው የምንሄደው። ያነሳነው «ከወለዱ በኋላ ሰውነት አብቅቶለታል» የሚለው ንግግር በዚህች አገር፣ በእነዚህ ሴቶች ፊት መነገሩ ስለሚገርመን ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ እኛም እንወጣለን። 10 ኪሎ ሜትሩ «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ 5 ኪሎ ሜትሩ «ቅድሚያ ለሴቶች» ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ። ማህበራችንም ቲሸርት ለብሶ ይሳተፋል። ደስ የሚል ቀን ነው። ጥቂት እንሮጣለን፣ ብዙ እንራመዳለን፣ እንዘፍናለን፣ ፎቶ እንነሳለን። በማግስቱ ቲሸርቱ የሌሊት ልብስ ይሆናል፣ እስከ ዓመቱም ሩጫ የሚባል ነገር የለም። እኛ የጀመርነው የዛሬ 14 ወር ነው፤ የጀመርነውም ከዚያ ቀን ማግስት ያለውን ጊዜ ምን እናድርገው በሚል ነው።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንግባ። ከእናንተ ብዙዎቹ ሞክራችሁ እንዳቆማችሁ እናውቃለን።

በአዋቂነት ሩጫ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው በመፍጠኑ ነው። ሩጫ ሲባል ትዝ የሚለን በልጅነት ከውሻ የሸሸነው ነው፤ ስለዚህ እንደዚያ እንነሳለን። 200 ሜትር ሳንደርስ ቁና ቁና እንተነፍሳለን፣ ጎናችንን ይወጋናል፣ «በቃ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለን እንመለሳለን። የእኛ ሕግ አንድ ነው፦ እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቢሆንም ችግር የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ስለ እሱ ነው።

ስለዚህ ሶምሶማ ነው የምንሮጠው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ እንራመዳለን። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን 8 ጊዜ መመላለስ ነው። 24 ደቂቃ ይሆናል። በመጨረሻ 5 ደቂቃ ተራምደን እንገባለን። በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት ያለው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያልነው ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት እንዲመች ነው። ሁለት ሳምንት በዚህ ከቆየን በኋላ ሶምሶማው ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፣ እርምጃው ያጥራል። በሦስት ወር ግድም ከእኛ ሰባቱ 30 ደቂቃ ሳይቆሙ መሮጥ ቻሉ። ሌሎቹ አምስት ወር ፈጀባቸው፣ ሁለቱ ደግሞ እስከ ዛሬ መሃል ላይ ይራመዳሉ። መራመድ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም፤ እኛ ጋ የሚመዘገበው ደቂቃው ነው።

አዲስ አበባ አብዛኛው ክፍሏ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባልን ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለ ሰው በሩብ ገደማ ያንሳል። ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ ሰውነታችን ለምዶታል። ቢሆንም የሰፈራችንን ዳገት ስንወጣ ቢያፍነን ይህንንም ማሰብ ነው። ዳገት ላይ እንራመዳለን። ይህን ውሳኔ ያሳለፍነው በሙሉ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው የሚያስቆመው ነገር የሚመጣው በተቃራኒው፣ ነገሩ ሲጥም ነው። በሁለተኛው ወር ላይ ትንፋሽ ይስተካከላል፣ ሰውም «በየቀኑ ልሩጥ» ይላል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽ ፈቅዶ ቅልጥም ሲታመም ጉዳዩ ይህ ነው። አንዲት አባላችን ስድስት ሳምንት ያረፈችው በዚህ ነው። ሕመሙ ሮጠው ሲጨርሱ የሚለቅ ከሆነ ቀነስ ማድረግ፤ ሲራመዱም የሚሰማ ከሆነ ማረፍ፣ ካልለቀቀ መታየት ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የደረት ሕመም ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁም፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ታላቃችን የጀመሩት እንደዚያ ነው። ነርሷ «መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ በእርምጃ ይጀምሩ» አለቻቸው፣ ሁለት ወር ተራምደው ነው ወደ ሶምሶማ የገቡት።

ስለ ጫማ ብዙ ትጠይቁናላችሁ። ከ12ታችን አዲስ የሩጫ ጫማ የገዛችው አንዲት ናት፤ ሌሎቻችን ከሳልቫጅ ነው ያገኘነው። ስትመርጡ ላዩን ሳይሆን ሶሉን እዩ። በእጃችሁ ጫን ስትሉት ተመልሶ የሚነፋ፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ያልተበላ ይሁን። ከአውራ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው፤ ጠባብ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ያጠቁራል። ከጫማው ይልቅ የቸገረን ጡት መያዣ ነው። የስፖርቱን ያላገኘን ሁለት ደርበን እናደርጋለን፤ ይሠራል። በሱሪ መሮጥ የከበዳቸው ቀሚስ ከቱታው በላይ ይለብሳሉ፣ ሒጃብ የሚያደርጉት ከነሒጃባቸው ይሮጣሉ። ማንም ማንንም ስለ ልብስ አይናገርም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ወንዶች ባሉበት አዳራሽ አይነገርም ይባላል። እንናገረዋለን፣ ምክንያቱም አባል ስላሳጣን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እኅታችን ቀረች። ጉልበቷን እንዳመማት ነገረችን። ቆይቶ ለአንዷ እንደነገረቻት ግን ስትሮጥ ሽንት ያመልጣት ነበር። ይህንን በእሷ ፈቃድ፣ ስሟን ሳንጠራ ለቡድኑ ስናነሳው፣ ሌሎች አምስት እጆች ወጡ። ከ12 ውስጥ ስድስት! አንዷ ለዓመታት ስታስነጥስ እግሯን እያጣመረች ኖራለች፤ የወለደ ሁሉ እንደዚያ የሚኖር ይመስላት ነበር።

ከእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ሽንትን የሚይዙት የታችኛው ጡንቻዎች ይላላሉ። ዝላይና ሩጫ ከላይ ሲጫናቸው ያመልጣል። ብዙ ሴት ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ብዙ ሴት ላይ ስለደረሰ ግን ተችሎ የሚኖር አይደለም። ጡንቻው እንደማንኛውም ጡንቻ በልምምድ ይጠነክራል። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥ መጭመቅ፣ እስከ 5 ቆጥሮ መልቀቅ፣ ያንኑ ያህል ማረፍ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ ማንም አያውቅም። ትንፋሽ አትያዙ፣ ሽንት እየሸናችሁም አትለማመዱት። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ ሦስት ወር ያህል ስጡት። ከታች የሚከብድ፣ የሚወርድ ነገር ያለ የሚመስላችሁ ከሆነ ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ የወለዳችሁም ቢያንስ ሦስት ወር በእርምጃ ቆዩ። ያቺ እኅታችን ተመልሳለች። አሁን ጥቁር ቱታ ለብሳ፣ ከመውጣቷ በፊት ሽንት ቤት ገብታ፣ ከፊት ከሚመሩት አንዷ ናት።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። አንዲት አባላችን ግን ሁልጊዜ ወደኋላ ትቀር ነበር፣ ጤና ጣቢያ ስትመረመር የደም ማነስ ተገኘባት። መድኃኒት ሰጧት፣ ቡናና ሻይም ከምግብ ጋር እንዳትጠጣ ነገሯት፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉና። ቡናውን እንድትተው አልተባለችም፤ ከምግቡ እንድታርቀው ነው። ይኼ እንኳን ለሯጭ ለሁላችንም ይጠቅማል።

መንገዱስ? የምንወጣው 12 ሰዓት ከሩብ፣ ሲነጋ ነው። ጨለማ ውስጥ አንወጣም፤ ውሻም አለ፣ ከውሻ የከፋም አለ። ብቻዋን የምትሮጥ የለችም። መጀመሪያ ሰሞን የታክሲ ረዳቶች «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ይጮሁብን ነበር፤ ግማሹ ፌዝ ነው፣ ግማሹ ግን ከልብ «በርቱ» ነው። አንድ የጥበቃ አባት በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ማን እያባረራችሁ ነው?» ይሉን ነበር። አሁን ማክሰኞ ቀን ከዘገየን ይጨነቃሉ። ሌላ ዓይነት ቃል የሚወረውርም አለ፤ 12 ሆነን ዞር ብለን ስናየው ግን ዝም ይላል። ለቅሶ ካለ ሩጫ የለም። ክረምት ላይ ጭቃው ሲብስ ኮብልስቶኑን ይዘን እንራመዳለን።

እስካሁን የተናገርነው ቀላሉን ነው። ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው።

ከእኛ መካከል ሂሳብ መሥራት እንጀራችን የሆነ አለን። ሂሳብ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ወደ አንድ ቦታ ሲገባ ከየት እንደወጣ ሳያይ አይተኛም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ በማንም ቤት ትርፍ ጊዜ አይደለም። ሻይ ይፈላል፣ ልጅ ይታጠባል፣ ምሳ ዕቃ ይሞላል፣ ዩኒፎርም ይተኮሳል። ከዚያ ውስጥ 50 ደቂቃ ለሩጫ ከወጣ፣ ያ ሥራ ወይ ሳይሠራ ቀርቷል ወይ ሌላ ሰው ሠርቶታል። ስለዚህ ገና ስንጀምር ለእያንዳንዳችን ደብተር ገዝተን ሦስት ዓምድ አሰመርን። አንደኛው ቀን፣ ሁለተኛው የሮጥነው ደቂቃ፣ ሦስተኛው «ቤት ያለውን ሥራ ማን ሠራው?» የሚል። ለአራት ሳምንት ሁላችንም ሞላነው።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። ሁለታችን ትንሽ ልጅ ስለሌለን ማንንም አልነካንም። በሦስት ቤት ባል ሠርቷል፤ አንደኛው ምሳ ዕቃ ውስጥ ሽሮና እንጀራውን ለየብቻ ማድረግ እስኪለምድ ልጁ ትምህርት ቤት ላይ ብዙ ተስቆበታል፣ አሁን ግን ተክኗል። በሁለት ቤት እናት ወይም አማት ሠርተዋል። በቀሩት አምስት ቤቶች በሦስተኛው ዓምድ ላይ የተጻፈው «ትልቋ ልጄ» የሚል ነው።

ትልቋ ልጅ ማለት ከአምስቱ ቤት በአንዱ 11 ዓመት ነው። ሁለቱ ልጆች በዚያ አራት ሳምንት ትምህርት ቤት አርፍደዋል። ማንም ክፉ አልሠራም። እናት ስትወጣ ሥራው ፈሰሰና ከሥሯ ባለችው ላይ አረፈ፤ በሁሉም ነገር እንደሚሆነው። ወንድ ልጅ ባለባቸው ቤቶች እንኳ ወደ ወንዱ አልፈሰሰም። የእኛ ጤና ግን በእኛ ሴት ልጆች ሰዓት የሚገዛ ከሆነ፣ ከእናቶቻችን የወረስነውን ለእነሱ እያስተላለፍን ነው ማለት ነው፤ ያውም የስፖርት ጫማ አድርገን።

ደብተሮቹን አንድ ላይ አስቀምጠን ካየን በኋላ የማህበሩን ትንሿን ክፍል በሦስቱ ጠዋቶች እንዲከፍቱልን ጠየቅን። ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው 12 ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ሻይና ዳቦ ይበላሉ፣ ሩጫው ሲያልቅ ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የሚጠብቋቸው ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸው ታላቅ አባላችን ናቸው። መጀመሪያ «ለልጆቼ ልጆች ደግሞ ምን ክፍያ አለው?» ብለው በነፃ ሊሠሩልን ነበር። እምቢ አልን። በነፃ ከሆነ ሰዓቱ ከልጅ ወደ አያት ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም። አሁን ለአንድ ጠዋት 200 ብር ይከፈላቸዋል። በወር 12 ጠዋት ብንይዝ 2,400 ብር ነው፤ ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 200 ብር። አምስቱም ልጆች በሰዓታቸው ትምህርት ቤት እየገቡ ነው።

በዚህ ጉባኤ ላይ የተነሳብንን ተቃውሞም እንናገር። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «እኛ ዕድሜ ልካችንን ለእንጀራ ስንሮጥ ኖረናል፤ አሁን ደግሞ በባዶ ሜዳ ልንሮጥ ነው?» ብለውናል። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። በሙሉ መልስ የለንም፣ ምክንያቱም በከፊል ትክክል ናቸው። እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ ሁለት አባሎቻችን አብረውን ጀምረው ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው ምጣድ ፊት ቆመው፣ ከዚያ ለሩጫ ይመጡ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተዉት፣ እኛም አልለመንናቸውም። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ዕረፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን ደረሰኝ ለምንመረምረው ይህ አስፈላጊ ምክር ነው። ሊጥ ተሸክማ ለምትውል ሴት ግን «ሩጪ» ማለት ስድብ ሊመስል ይችላል። ሩጫ ለሁሉም ነው አንልም። ለሚፈልጉት በር ይከፈት ነው የምንለው።

ምን አገኘን ብትሉን ደግሞ አናጋንንም። ክብደት የቀነሱ ሁለት ናቸው፤ ሌሎቻችን ያው ነን። የታላቃችን ደም ግፊት ወርዷል፣ ግን መድኃኒትም ስለሚወስዱ ሁሉንም ለሩጫ መስጠት አይቻልም። እንቅልፍ ግን 12ታችንም አሻሽለናል። ደረጃ ላይ ስልክ ማየት ትተናል። አንድ ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ አለ። በዚያች 40 ደቂቃ ጎን ለጎን ስንሮጥ፣ ፊት ለፊት ተያይተን የማናወራውን እናወራለን። ሁለት ሴቶች ያለባቸውን የቤት ችግር መጀመሪያ የነገሩን እዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ ማህበሩ የምክር አገልግሎት መጥተዋል። የብድር ዕዳ ያስጨነቃትን አንዷን በጊዜ የደረስንላትም እዚያው ነው። ይህንን በየትኛው ዓምድ እንደምናስገባው አላወቅንም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ሌሎች 19 አባላት መጀመር እንፈልጋለን ብለው ተመዝግበዋል። ለምን እንዳልጀመሩ ጠይቀናቸው 14ቱ «ልጆቹን የት ጥዬ?» ነው ያሉት። ከነባሮቹም ውስጥ ለሦስቱ የወር 200 ብሩ ከብዷቸዋል፣ እስከ አሁን እርስ በርስ እየሸፈንን ነው። ልጆች ከበዙ አንድ ጠባቂ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። ለአንድ ጠዋት 400 ብር ይሆናል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ለመጪው የሴቶች ሩጫ 40 ቲሸርት አሠርታችሁ ልትሰጡን እንዳሰባችሁ ሰምተናል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ያቀረባችሁት ዋጋ ለአንዱ 400 ብር፣ በድምሩ 16,000 ብር ነው። እንግዲህ አንድ ቲሸርት ማለት ሁለት ጠባቂ ያሉበት አንድ ጠዋት ነው። 40 ቲሸርት 40 ጠዋት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ብንል ከሦስት ወር ትንሽ ያልፋል። ያም አንዲት ጀማሪ ከ1 ደቂቃ ተነስታ 30 ደቂቃ ለመሮጥ የሚፈጅባት ጊዜ ነው። የዓምናው ቲሸርት ሁላችንም ዘንድ አለ፤ በእሱ ወጥተን ስማችሁን እናስጠራለን። ስማችሁ ደረታችን ላይ አዲስ ባይታተምም፣ በሪፖርታችን ላይ «40 ጠዋት» ተብሎ ይጻፋል። ለውሳኔያችሁ እናንተ ናችሁ ባለቤቶቹ፤ ቲሸርቱንም ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን።

ከአባላት የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ነው። ከማህበራዊ ድጋፍ ፈንዳችን በወር 2,400 ብር፣ ማለትም የሁለቱን ጠባቂዎች ክፍያ ግማሽ፣ ለስድስት ወር እንዲፈቀድ። ጠቅላላው 14,400 ብር ነው። ሌላውን ግማሽ ሯጮቹ እንከፍላለን። የደጋፊዎቻችን ገንዘብ ከተገኘ የፈንዱ ድርሻ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ክፍሉ በሩጫ ጠዋቶች ለሯጮች ልጆች ብቻ አይሆንም፤ የሚጋግሩት እኅቶቻችንም በእነዚያ ጠዋቶች ልጆቻቸውን አምጥተው አንድ ሰዓት እንዲተኙ እንፈልጋለን። ይህን ያነሳችው ሩጫውን ከተዉት አንዷ ናት፤ ከሐሳቦቻችን ሁሉ እሷ ያመጣችው ሳይሻል አይቀርም።

ደብተሮቻችን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስም የለባቸውም፣ አገላብጣችሁ እዩ፤ በተለይ ሦስተኛውን ዓምድ። የድምፅ መስጫው ከቡና በኋላ ነው። መጀመር የምትፈልጉ ማክሰኞ 12 ሰዓት ላይ እዚሁ ግቢ ኑ፤ ልጅ ያላችሁ ከነልጆቻችሁ። ጫማ የሌላት በሸራ ጫማ ትምጣ፣ የመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው እርምጃ ነው። ጥያቄ ካላችሁ አለን።